ተጫዋቹ የማን ነው? የሩሲያ ሆኪ ልጆችና የሃምሳ ዓመት የውል ክርክር

በእግር ኳስ መንገዱ የታወቀ ነው። ተጫዋች የፈለገ ክለብ ውሉን ለያዘው ክለብ ዋጋ ያቀርባል፤ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ልጁም አዲሱን ማሊያ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ከሩሲያ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሻገር የአይስ ሆኪ ተጫዋች ግን፣ ለጥቂት ዓመታት ካልሆነ በቀር፣ በዚህ መንገድ ሄዶ አያውቅም። ሌሊት ከሆቴል የጠፋ አለ። ፓስፖርቱ እጁ እንደገባ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተሰወረ አለ። ለአሜሪካ ክለብ በፈረመ በሁለት ወሩ ወታደር ተብሎ ወደ ሰሜን ዋልታ ጫፍ የተላከም አለ። የኦቬችኪንን ስም የሰማን ብዙዎች ነን፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሙግት ግን የደረሰን በቁርጥራጭ ነው። እነሆ ከመነሻው፤ ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የአሜሪካና የካናዳ ክለቦች የሚወዳደሩበት ናሽናል ሆኪ ሊግ፣ በአጭሩ ኤንኤችኤል፣ በየዓመቱ በሰኔ ወር ድራፍት የሚባል ምርጫ ያካሂዳል። ክለቦቹ ተራ በተራ ከዓለም ዙሪያ ወጣቶችን ይመርጣሉ። የተመረጠው ልጅ በሊጉ ውስጥ ከመረጠው ክለብ በቀር ለሌላ መፈረም አይችልም። ልጁ በአገሩ ክለብ አለው ወይስ የለውም፣ ውሉስ መቼ ያበቃል የሚለውን ድራፍቱ አይጠይቅም። የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ አንድን ልጅ ሁለት ሊጎች በሁለት የተለያዩ ሕጎች “የእኔ ነው” ይላሉ።

ከ1972 እስከ 1980፦ ከብረት መጋረጃው ማዶ

በሶቭየት ኅብረት ሆኪ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ሲኤስኬኤ ሞስኮ የሠራዊቱ ክለብ ነው፤ ተጫዋቾቹ በመዝገብ የጦር መኮንኖች ነበሩ፤ ለዓለም ግን “አማተሮች” ይባሉ ነበር። ካናዳውያን እነዚህን አማተሮች ንቀው በመስከረም 1972 ለስምንት ጨዋታ ጋበዟቸው። ገና በመጀመሪያው ምሽት ሞንትሪያል ላይ ሶቭየቶች 7 ለ 3 አሸነፉ። ካናዳ በመጨረሻ ውድድሩን ያሸነፈችው በስምንተኛው ጨዋታ፣ ሞስኮ ላይ፣ ሊያልቅ 34 ሰከንድ ሲቀረው ፖል ሄንደርሰን ባስቆጠረው ጎል ነው። ውጤቱ 4 ድል፣ 3 ሽንፈትና 1 እኩል ሆነ። ካናዳ በደስታ ሰከረች፤ የክለብ ሥራ አስኪያጆቹ ግን ሌላ ነገር ሲያሰሉ ነበር። ከብረት መጋረጃው ማዶ ያለው የተጫዋች ሀብት ከእነሱ አያንስም።

በዚያው ዓመት ደብሊውኤችኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ውድድር ጀመረና የተጫዋች ረሃብ ተነሳ። ከስዊድን አንደርስ ሄድበርግና ኡልፍ ኒልሰን በ1974 ወደ ዊኒፔግ መጡ፤ ስዊድናውያኑን የሚያግዳቸው አልነበረም። ለቼኮዝሎቫኪያው ኮከብ ቫስላቭ ኔዶማንስኪ ግን በር አልተከፈተለትም። በዚያው በ1974 ዕረፍት የሚሄድ መስሎ በስዊዘርላንድ በኩል ወጣና በቶሮንቶ ለደብሊውኤችኤ ክለብ ፈረመ። የምሥራቁ ጎራ ተጫዋች የሚሻገርበትን መንገድ ያሳየው እሱ ነው።

በነሐሴ 1980 ፒተርና አንቶን ስታስትኒ የተባሉ ወንድማማቾች ከስሎቫን ብራቲስላቫ ጋር ለውድድር ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ገቡ። የኩቤክ ክለብ ሰዎች እዚያ ድረስ ሄደው ጠበቋቸው። ነፍሰ ጡር የነበረችውን የፒተርን ሚስት ጨምረው ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ ካናዳ አሻገሯቸው። ልጆቹ ብራቲስላቫ የቀሩበት ታላቅ ወንድማቸው ማሪያን ወደ ኋላ ቀረ፤ ከጨዋታ ታገደ፤ የተቀላቀላቸው በ1981 ነው። ፒተር በመጀመሪያ ዓመቱ 109 ነጥብ አስመዘገበ። የስሎቫን ኪሳራስ? የጠየቀም የከፈለም የለም።

ከ1983 እስከ 1989፦ ወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ተጫዋቾች

በ1980ዎቹ የአሜሪካ ክለቦች ሶቭየቶችን በድራፍቱ መጨረሻ ዙሮች በብዛት መምረጥ ጀመሩ። ሎተሪ መቁረጥ ነበር፤ ዕድል ከቀናና የዓለም ፖለቲካ ከተለወጠ ይመጣል፤ ካልሆነ ስሙ ወረቀት ላይ ይቀራል። የዓለም ምርጡ ተከላካይ ቪያቼስላቭ ፌቲሶቭ በ1983 በኒውጀርሲ የተመረጠው 145ኛ ሆኖ ነው። ሞንትሪያል በዚያው ዓመት ዝነኛውን ግብ ጠባቂ ቭላዲስላቭ ትሬትያክን መረጠ፤ ሶቭየቶች አልለቀቁትም፤ እሱም በቀጣዩ ዓመት ጫማውን ሰቀለ።

ነገሩ የተለወጠው ከውስጥ ነው። የሲኤስኬኤው አሠልጣኝ ቪክቶር ቲኾኖቭ ተጫዋቾቹን አብዛኛውን ዓመት ከሚስትና ከልጆቻቸው ለይቶ በካምፕ ይዘጋባቸው ነበር። በ1988 የመሐል ተጫዋቹ ኢጎር ላሪዮኖቭ “ኦጎንዮክ” በተባለው መጽሔት ላይ አሠልጣኙን በግልጽ ደብዳቤ ወቀሰ። አንድ መኮንን አለቃውን በአደባባይ እንዲህ ሲናገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ምን ይገጥመው እንደነበር አንባቢ ይገምተው። ፌቲሶቭም ከሠራዊቱ ልሰናበት ብሎ ጠየቀ፤ ቃል ተገብቶለት ነበርና ሲታጠፍበት ለቲኾኖቭ አልጫወትም አለ። እሱ ራሱ እንደተረከው ጉዳዩ እስከ መከላከያ ሚኒስትሩ ዲሚትሪ ያዞቭ ቢሮ ደርሶ ዛቻና ስድብ ወርዶበታል።

በመጋቢት 1989 ሰርጌ ፕሪያኺን የተባለ ተጫዋች በመንግሥት ፈቃድ ወደ ካልጋሪ ሄደ። ሞስኮ በሯን የከፈተችው ሒሳብ ሠርታ ነው። ሶቭኢንተርስፖርት የተባለው የመንግሥት ድርጅት ነባር ተጫዋቾችን እየለቀቀ ከደመወዛቸው አብዛኛውን ለራሱ ሊያስቀር ነበር። ፌቲሶቭ እምቢ አለ። ደመወዜ የራሴ ነው ብሎ ተሟግቶ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቱ ለኒውጀርሲ ፈረመ። በእኔ እይታ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሳይሸሽና ሳይደበቅ፣ ፊት ለፊት ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ቢኖር ፌቲሶቭ ነው።

ከ1989 እስከ 1991፦ የሚጠፉት ወጣቶች

ለሠላሳ ዓመት ሰዎች በሩ ተከፈተ፤ ለሃያ ዓመት ልጆች ግን አልተከፈተም። አሌክሳንደር ሞጊልኒ የ20 ዓመት አጥቂና የሠራዊቱ መኮንን ነበር። ቡፋሎ በ1988 በ89ኛ ተራ መርጦታል። በግንቦት 1989 ሶቭየት ኅብረት ስቶክሆልም ላይ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ሞጊልኒ ወደ ቡፋሎ ስልክ አስደወለ። የክለቡ ሁለት ኃላፊዎች በማግስቱ ስዊድን ገቡ፤ የጉዞ ወረቀቱ እስኪያልቅ ልጁን ደብቀው ቆዩና ይዘውት በረሩ። ሞስኮ ከሃዲ አለችው፤ ከሠራዊት በመክዳትም ከሰሰችው። እሱ ግን 89 ቁጥር ማሊያ ለብሶ በ1992-93 የውድድር ዓመት 76 ጎል አገባ።

በቀጣዩ ዓመት የዲትሮይት ተራ ሆነ። ሰርጌ ፌዶሮቭ በ1990 ክረምት ለጉድዊል ውድድር ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር አሜሪካ ገባ። ፖርትላንድ ላይ ከተደረገ ጨዋታ በኋላ ከሆቴሉ ወጥቶ የክለቡ ባለቤት በላኩት የግል አውሮፕላን ወደ ዲትሮይት ሄደ። የቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭ ደግሞ ከልብ ወለድ የሚበልጥ ነው። ከሠራዊቱ ጋር የረጅም ዘመን ውል ስለነበረው በቀላሉ የሚለቀቅ አልነበረም። በነገሩ የተሳተፉ ሰዎች በኋላ እንደተረኩት፣ ሐኪሞች ጉቦ በልተው “ካንሰር ይዞታል” የሚል ማስረጃ ጻፉለት። “በሽተኛው” በ1991 ዲትሮይት ገብቶ ከሊጉ አስፈሪ ተከላካዮች አንዱ ሆነ።

ሕግን ከሥነ ምግባር ለይቶ ለሚያይ ሰው ይህ ዘመን ያስቸግራል። ልጆቹ የሸሹት እንደ ንብረት ከሚቆጥራቸው ሥርዓት ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። የአሜሪካ ክለቦች ግን በዚህ አጋጣሚ አንድ መጥፎ ትምህርት ቀሰሙ፤ ከሩሲያ ተጫዋች መውሰድ ዋጋ የማይጠየቅበት ነገር መሰላቸው። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላም ይህ ልማድ አልለቀቃቸውም።

1990ዎቹ፦ የድህነት ሰላም

አሥርቱ ዓመታት በአንጻራዊ ሰላም ያለፉት ማንም ስለተስማማ አይደለም፤ የሩሲያ ክለቦች ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። ትልቁ ሲኤስኬኤ እንኳ በ1993 ከፒትስበርግ ክለብ ባለቤቶች ጋር ተሻርኮ ማሊያው ላይ የፔንግዊን ሥዕል እስከ መለጠፍ ደርሷል። ኤንኤችኤል ከዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን ጋር እየተዋዋለ ለሚወስዳቸው ተጫዋቾች ለየአገሩ የተወሰነ ክፍያ ይሰጥ ነበር፤ ለባዶ ካዝና ትንሹም ትልቅ ነው። በ1997 ዲትሮይት አምስት ሩሲያውያን ይዞ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ። በዚያው ክረምት ከአምስቱ ሦስቱ፣ ፌቲሶቭ፣ ላሪዮኖቭና ኮዝሎቭ፣ ዋንጫውን ይዘው ሞስኮ ቀይ አደባባይ ላይ ቆሙ። ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው።

ከ2004 እስከ 2007፦ ኦቬችኪን፣ ማልኪንና የሁለት ሳምንቱ ደብዳቤ

ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወጣ። የብረት ፋብሪካዎች፣ የነዳጅ ኩባንያዎችና የክልል ገዢዎች ክለቦችን በገንዘብ አጥለቀለቁ። በ2004-05 ኤንኤችኤል በአሠሪና በተጫዋች ጸብ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ሲሰርዝ ዝነኞቹ ወደ ሩሲያ ጎረፉ። አክ ባርስ ካዛን ከተማው 1,000ኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለነበር የከዋክብት ስብስብ ገዛ። ዋንጫውን ግን ዲናሞ ሞስኮ ወሰደው። በዲናሞ ውስጥ በ2004ቱ ድራፍት በዋሽንግተን አንደኛ የተመረጠው አሌክሳንደር ኦቬችኪን ነበር።

በ2005 ኤንኤችኤል አዲስ የዝውውር ስምምነት አቀረበ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በግምት 200,000 ዶላር። የሌሎች አገሮች ፌዴሬሽኖች ተቀበሉት፤ ሩሲያ አልፈረመችም። ሩሲያውያን የፈለጉት እንደ እግር ኳሱ ክለብ ከክለብ በየተጫዋቹ እንዲደራደር ነው። ለኦቬችኪን የሚከፈለውና ለአንድ ተራ ተጫዋች የሚከፈለው እኩል መሆኑ እንደ ስድብ ታያቸው። እውነትም ነበራቸው። ኤንኤችኤል በበኩሉ ክለቦቹ በየተጫዋቹ እየተደራደሩ ዋጋ እንዲያንሩ አልፈለገም።

ያለ ስምምነት የተፈተነው የመጀመሪያው ሰው ኦቬችኪን ነው። በነሐሴ 2005 ለዋሽንግተን ፈረመ። ዲናሞ ግን ተጫዋቹ ለአንድ ዓመት የእኔ ነው ብሎ ለሩሲያ ፌዴሬሽን የግልግል አካል አመለከተና አስፈረደ፤ ፍርዱንም ይዞ ዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ቆመ። በ2006 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ኦቬችኪን በዚያ ግልግል ለመዳኘት የተስማማበት ጽሑፍ አልቀረበምና። በዚያ የውድድር ዓመት 52 ጎል አስቆጠረ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ 895ኛውን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን የዘመናት ክብረ ወሰን ሰበረ። ለዲናሞ አንዳች ክፍያ አልደረሰውም።

ከሁሉ የከፋው የማልኪን ጉዳይ ነው። ኢቭጌኒ ማልኪን ከኦቬችኪን ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ በፒትስበርግ ተመርጧል። የተወለደው በብረት ከተማዋ ማግኒቶጎርስክ ነው፤ ክለቡ ሜታሉርግ የብረት ፋብሪካው ክለብ ነው፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ያሳደገው ይኸው ክለብ ነው። በነሐሴ 2006 መጀመሪያ የክለቡ ኃላፊዎች ከማልኪን ጋር እስከ ሌሊት ተቀምጠው የአንድ ዓመት ውል አስፈረሙት። ኃላፊዎቹ በፈቃዱ ፈረመ ይላሉ፤ እሱና ወኪሎቹ ተጫኑት ይላሉ።

ከቀናት በኋላ ቡድኑ ለልምምድ ወደ ፊንላንድ በረረ። ሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ማልኪን ፓስፖርቱን እንደያዘ ከቡድኑ ተለየና ወኪሉ ወደሚጠብቀው መኪና ገባ። የአሜሪካ ቪዛው እስኪወጣ ለቀናት ሄልሲንኪ ውስጥ ተደበቀ፤ ከዚያም ሎስ አንጀለስ። የሶቭየት ዘመን ካለፈ 15 ዓመት ሆኖታል፤ አገሩ ነጻ ገበያ ነው፤ ተጫዋቹ ግን እንደ ሞጊልኒ ይጠፋ ነበር። በመስከረም ለፒትስበርግ ፈረመ።

የሚያስገርመው የሕጉ መሣሪያ ነው። የሩሲያ የሥራ ሕግ ማንኛውም ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይደነግግ ነበር፤ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛውም፣ የፋብሪካው ሆኪ ተጫዋችም። ማልኪን በፋክስ ደብዳቤ ላከ፤ በሕጉ አነጋገር በቃ፣ ሥራውን ለቀቀ። ሜታሉርግ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በኅዳር 2006 ዳኛው ማልኪን እንዲታገድ የቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። ማልኪን በመጀመሪያዎቹ 6 ጨዋታዎቹ በእያንዳንዱ ጎል አግብቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ፍርዱ በሕግ ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ግን ፍትሐዊ አልነበረም። አንድ ክለብ ከልጅነቱ ያሳደገውን ተጫዋች ያለ አንድ ሳንቲም መነጠቁ በየትኛውም የስፖርት ሚዛን ልክ አይመጣም። ልጁን በሌሊት ማስፈረምም እንዲሁ። የሩሲያ ሕግ አውጪዎች ትምህርቱ ገባቸው፤ በ2008 ስለ ስፖርተኞች የተለየ ምዕራፍ በሥራ ሕጉ ላይ ጨመሩ። ማስጠንቀቂያው ረዘመ፤ ውሉ ከደነገገ ያለ በቂ ምክንያት የሚለቅ ተጫዋች ለክለቡ ካሳ እንዲከፍል ሆነ። የሁለት ሳምንቷ ቀዳዳ ተደፈነች።

ከ2008 እስከ 2013፦ ጽዋው ተራውን ጠበቀ

በ2008 ሩሲያ ኮንቲኔንታል ሆኪ ሊግን፣ ኬኤችኤልን፣ መሠረተች። ፕሬዝዳንቱ አሌክሳንደር ሜድቬዴቭ የጋዝፕሮም የወጪ ንግድ ኃላፊ ነበሩና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነበር። በሐምሌ ወር የሁለቱ ሊጎች ሰዎች ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ውል እንዲያከብር በቃል ተስማሙ። ወዲያው በማግስቱ አሌክሳንደር ራዱሎቭ፣ ከናሽቪል ጋር የአንድ ዓመት ውል እየቀረው፣ ለሳላቫት ዩላዬቭ ኡፋ መፈረሙ ተሰማ። ኬኤችኤል “ከስምምነቱ በፊት ነው የፈረመው” አለ።

አሁን የሚጮኸው ናሽቪል ነው። ውል የተቀደሰ ነው፣ ሊጎች ሊከባበሩ ይገባል የሚለው ንግግር ከሁለት ዓመት በፊት ማግኒቶጎርስክ ያሰማው ነበር፤ ያኔ ከኤንኤችኤል በኩል የሰማው የለም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የራዱሎቭንና የሌሎች አምስት ተጫዋቾችን ጉዳይ መረመረ። ከስድስቱ አንዱ የአሠልጣኙ የቲኾኖቭ የልጅ ልጅ፣ በስሙም ቪክቶር ቲኾኖቭ ነበር፤ አያቱ ያገዷቸው ተጫዋቾች በሄዱበት መንገድ የልጅ ልጁ ወደ አሜሪካ ሄደ። ምርመራው ራዱሎቭን አልመለሰውም፤ ኡፋ ተጫውቶ በ2011 የኬኤችኤልን ዋንጫ፣ ጋጋሪን ካፕን፣ አነሳ፤ ናሽቪል የተመለሰው በ2012 ለጥቂት ሳምንታት ነው።

ሁለቱም ወገን ከተጎዳ በኋላ፣ በጥቅምት 2010 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ፤ አንዱ የሌላውን ሕያው ውል ያከብራል። የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር ግን አልተጻፈበትም። ስለዚህ ሩሲያዊ ወጣት መሄድ ከፈለገ ውሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ኪሪል ካፕሪዞቭ በ2015 በሚኔሶታ ተመርጦ የፈረመው በ2020 ነው። ሰነዱ በወዲያኛው አቅጣጫም ቀዳዳ ነበረው። በ2013 ኢሊያ ኮቫልቹክ ከኒውጀርሲ ጋር 12 ዓመትና 77 ሚሊዮን ዶላር እየቀረው “ጡረታ ወጣሁ” አለና በቀናት ውስጥ ለኤስካ ሴንት ፒተርስበርግ ፈረመ። በ30 ዓመቱ ጡረታ!

ከ2022 እስከ 2025፦ ጦርነቱና ግብ ጠባቂው

ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሩሲያን ቡድኖች አገደ፤ ኤንኤችኤልም የመግባቢያ ሰነዱን አቆመ። ያቺ ቀጭን ገመድ ተበጠሰች።

የመጀመሪያው ተጎጂ ኢቫን ፌዶቶቭ ሆነ። የሲኤስኬኤ ግብ ጠባቂ ነበር፤ በቤጂንግ ኦሎምፒክ ብር አግኝቷል። በግንቦት 2022 ከፊላደልፊያ ጋር ለአንድ ዓመት ፈረመ። በሐምሌ መጀመሪያ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ተያዘ፤ ከውትድርና ሸሽተሃል ተባለና ወደ ሰሜኑ የባሕር ኃይል አካባቢ ተላከ። በ1989 ተጫዋቾች ከሠራዊቱ ለመላቀቅ ይታገሉ ነበር፤ በ2022 ሠራዊቱ መጥቶ ተጫዋቹን ወሰደ።

አገልግሎቱን ጨርሶ በ2023 ሲመለስ ለሲኤስኬኤ ፈረመ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊላደልፊያ ውል የጸና ነው ብሎ ወሰነ፤ ፌዶቶቭን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከጨዋታ፣ ሲኤስኬኤን ለአንድ ዓመት ከዓለም አቀፍ ዝውውር አገደ። ፌዶቶቭ ግን በመስከረም ሜዳ ገባ፤ ኬኤችኤልም አላስቆመውም። ብያኔ ሰጪው ማስፈጸሚያ አልነበረውም። ይህን ክርክር ከ1974 ጀምሮ ያልለቀቀው በሽታ ይኸው ነው። በመጋቢት 2024 ሲኤስኬኤ ውሉን በድንገት አቋረጠ፤ ፌዶቶቭ በሚያዝያ 1 ለፊላደልፊያ ተሰለፈ። ለምን አሁን ለቀቁት? በግልጽ የነገረን የለም።

በዚያው በፊላደልፊያ የማትቬይ ሚችኮቭ ጉዳይም ነበር። በ2023ቱ ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ተራ የሚመደብ አጥቂ ነው የተባለለት ልጅ 7ኛ ሆኖ ቀረ፤ ከኤስካ ጋር ያለው ውል እስከ 2026 ስለነበር ስድስት ክለቦች አለፉት። ፊላደልፊያ ሦስት ዓመት እጠብቃለሁ ብሎ መረጠው። ኤስካ ግን በ2024 ክረምት፣ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ አሰናበተው። ሌላው ወጣት አጥቂ ኢቫን ዴሚዶቭም እንዲሁ በሚያዝያ 2025 ከኤስካ ተለቀቀና በቀናት ውስጥ ለሞንትሪያል የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ አንድ ጎል አገባ፣ አንድ አቀበለ።

ዛሬም በሁለቱ ሊጎች መካከል የዝውውር ስምምነት የለም። ለስዊድንና ለፊንላንድ ተጫዋቾች ኤንኤችኤል ይከፍላል፤ ለሩሲያ ክለቦች አይከፍልም። ያለ ስምምነት የሚመረጡ ሩሲያውያን መብት በመረጣቸው ክለብ እጅ ያለ ጊዜ ገደብ ሲቆይ ኖሯል። የሞንትሪያል ደጋፊዎች ለዴሚዶቭ ቆመው ሲያጨበጭቡ፣ ያሠለጠነው ኤስካ የተከፈለው የዝውውር ዋጋ ዜሮ ዶላር ነበር።